የግራው መያዣ

ወሬው የደረሰኝ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ያለሁት ካናዳ፣ ኤድመንተን፤ በረዶው ገና አልለቀቀም። ከምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ወጥቼ፣ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ጠቅልዬ ቆሜአለሁ። ስልኬ ጮኸ። ነጃት ናት፣ የወንድሜ ሚስት፣ ከሐረር።

«ኢክራም፣ ሰሚራን ብታያት!» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ። «ትናንት ሐኪም ጋራ አናት ላይ ጠያራዋን አበረረቻት። ወላሂ ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የቀረው።»

«ጠያራዋን? የኛን ጠያራ?»

«አዎ፣ ያቺን የናንተን።»

«ከማን ጋር?»

«ምን አልሽ? አይሰማም።»

«ከማን ጋር ነው ያበረረቻት? የግራውን ማን ያዘላት?»

«እኔ እንጃ፣ ከሩቅ ነው ያየሁት፤ ሰው ከቧት ስለነበር…» እዚያ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሳልሳፈር ሄደ።

በእንዲህ ያለ ወሬ አውቶቡስ ያመልጣል ወይ የሚል ካለ፣ ከሥር ከመሠረቱ ልንገረው።

ያደግኩት ጀጎል ውስጥ ነው። ከጊደር መጋላ ወረድ ብሎ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ፣ ሁለት ወንድማማቾች ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት ግቢ ነበረን። የአንደኛው ልጅ እኔ ነኝ፣ የሌላኛው ሰሚራ። እኩዮች ነን። ለአንዷ ጫማ ተገዝቶ ለሌላዋ ካልተገዛ ያ ግቢ ሰላም አያድርም ነበር። ቁርአን ቤት እንኳ ስንገባ አንድ ቀን መግባት ነበረብን፤ እሷ ቀድማ የገባች ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ፣ ከትኩሳቱ ይልቅ የቀደመችኝ ነገር ነው ያስለቀሰኝ።

ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት፣ ለኢድ፣ አጎታችን ኢድሪስ ከጅዳ መጡ። ሻንጣቸው ተከፈተ። ለእናቶቻችን ሽቶና ጨርቅ፣ ለወንዶቹ ሰዓት፤ ለእኔና ለሰሚራ ግን አንድ ረጅም ከረጢት። አንድ ብቻ። እኔና እሷ ተያየን። ግቢው ሁሉ ወደኛ ዞረ፤ የሚመጣውን ያውቀዋላ።

ከረጢቱ ውስጥ ቀጫጭን ዘንጎችና እንደ ጃንጥላ ጨርቅ የቀለለ ቀይና ጥቁር ጨርቅ አለ። ሲገጣጠም ክንፏን የዘረጋች የሌሊት ወፍ ትመስላለች። ካይት ናት፣ በክር ተይዛ ነፋስ የሚያበራት። ግን ልጆች በፌስታልና በክር እንደሚሠሯት አይደለችም፤ አራት ክር አላት። ሁለቱ ክሮች በአንድ መያዣ ላይና ታች ጫፍ፣ ሁለቱ በሌላ መያዣ ላይና ታች ጫፍ ይታሰራሉ።

«ለማን ናት?» አለች ሰሚራ።

አጎቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ይቺ ጠያራ» አሉ፣ «ሁለት መያዣ አላት፣ ታያላችሁ? አንዱን አንቺ፣ አንዱን እሷ። ለሁለት ሰው ነው የተሠራችው።»

አመንን። ማን ይነግረናል? ሐረር ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ አልነበረም። ስሟም በዚያው በአጎቴ ዐረብኛ ጠያራ ሆኖ ቀረ።

እኔ በግራ እቆማለሁ፣ እሷ በቀኝ። ቀኝ ክንዴን ወገቧ ላይ፣ እሷ ግራ ክንዷን ወገቤ ላይ እናደርግና፣ በነፃው እጃችን የየራሳችንን መያዣ እንይዛለን። የታችኞቹን ክሮች ሁለታችንም ሳብ ካደረግን ወደ ኋላ ትሄዳለች። አንዳችን ብቻ ከሳብን ባለችበት ትሽከረከራለች። እኩል ከያዝናት ደግሞ ሰማይ ላይ እንደ ጭልፊት ቀጥ ትላለች፣ አትነቃነቅም። ግን እኩል ነው ያልኩት። እኔ ከቸኮልኩ ወይም እሷ ከዘገየች መሬት ትሰካለች። ስንት ጊዜ እንደተሰካች አላህ ነው የሚያውቀው። ስንት ጊዜ እንደተጣላንም። ከዚያ አንድ ቀን መጣላቱ ቀረ። «ቢስሚላህ» ስል ትነሳለች፤ ሰሚራ ትንፋሿን ስትይዝ ጎኔ ላይ ይሰማኛል፣ እጄን አዞራለሁ። መነጋገር አላስፈለገንም።

ስለ እጄ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የግራ እጄ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። ልጅ ሆኜ የግቢያችን ከባድ በር ጨፍልቋት ቀጥ ብላ ቀርታለች። መያዣውን ስይዝ አራቱ ጣቶቼ ሲጨብጡ እሷ ብቻዋን ተቀስራ ትቆማለች። ሰሚራ ትስቅብኝ ነበር። «አንቺ ሰጋጇ፣ ሸሃዳ ሲባል የምትቀሰረው ያቺ ጣት አይደለችም፤ ያውም የግራ!» ትለኝ ነበር።

ትዳር ይዤ ወደ ካናዳ ስመጣ ጠያራዋ እሷ ጋ ቀረች። «ብቻዬን ምን ላደርጋት?» አለችኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ። «ስትመጪ እናበራታለን።» ያቺን ቃል ይዤ ነው የተሳፈርኩት። በረዶ ላይ እየተንሸራተትኩ ሥራ ስሄድ፣ ሰው ያላየው ሀብት እንዳለው ሰው፣ እኔ ካልመጣሁ የማትነሳ አንድ ነገር ሐረር ውስጥ አለች እያልኩ እጽናና ነበር።

አሁን ተነሳች። ታዲያ የግራውን ማን ያዘ?

ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ቅናት ነው። ነጃት በሌላ ቀን ብትደውልም «ወላሂ አላየሁም» ከማለት በቀር የጨመረችልኝ ነገር የለም። ሰሚራን ደውዬ እንዳልጠይቃት ኩራቴ ያዘኝ። ሱጁድ ላይ ግንባሬ መሬት ነክቶ «ማናት?» ስል ራሴን አገኘዋለሁ። አስተግፊሩላህ ብዬ ቀና እላለሁ፣ ሁለተኛው ረከዓ ላይ ትመለስብኛለች። ባለቤቴ ታዘበኝ። «ለወረቀት አሞራ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለኝ።

«ጨርቅ ናት» አልኩት። «ወረቀት አይደለችም።»

በዚያው ዓመት ረመዳን ሊያልቅ ሲል እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ በአንድ በኩል ረጅም ባዶ ቦታ ተውኩ። ግማሿ የኔ ናት፤ ይዣት እመለሳለሁ። ሰሚራ ከሌላ ሰው ጋር ልታበር ከፈለገች ሌላ ትግዛ።

ከድሬዳዋ በሚኒባስ፣ ከአዲሱ ከተማ እስከ ፈረስ መጋላ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ «ነጃት፣ መድኃኒቴን» አለች። ነጃት እኔ የማላውቀውን መሳቢያ ከፍታ፣ እኔ የማላውቀውን ብልቃጥ አወጣች። እሱንም ዋጥኩት።

ኢዱን አሳለፍን። በሁለተኛው ቀን ሰሚራ ከባሏ ቤት መጣች። እጇ ላይ ያለው ሂና ገና አልደበዘዘም። ተሳሳምን፣ ተላቀስን፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት። ከዚያ እንደ ዋዛ አደረግኩና፦

«ጠያራዋን አበረርሽ አሉ።»

«አዎ።» ሳቀች።

«ከማን ጋር?»

«ነገ ሐኪም ጋራ እንወጣለን። ታያለሽ።»

«ንገሪኛ።»

«አቦ ኢክራም! ነገ አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ በቡዳ በር ወጥተን ሽቅብ ተያያዝነው። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ሰሚራ፣ የባሏ እህት ሀናን። ከረጢቱን የያዘችው ሀናን ናት። ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ፣ ዳገቱን ሳታለከልክ ትወጣለች። የያዘችው ደግሞ በግራ እጇ ነው። ትንሽ ሄደን ድንጋይ አንስታ ውሻ ስታባርር አየሁ፤ የወረወረችውም በግራ። ማናት የሚለው ጥያቄዬ መልስ ያገኘ መሰለኝ።

«ጠያራዋን ትወጃታለሽ?» አልኳት።

«አንቺዬ፣ በጣም! ሰሚራ ስትወጣ ሁልጊዜ አብሬያት ነኝ» አለች ፈገግ ብላ።

ሁልጊዜ። ቃሏን እየደጋገምኩ ወጣሁ።

ጋራው ላይ ሰው ሞልቷል። የኢድ ልብስ የለበሱ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈዋል፣ ወጣቶች ጫታቸውን ይዘው ጥላ ጥላውን ይዘዋል። አዴ ፋጡማ የሚሏቸው ለውዝ ሻጭ ባልቴት መሃል ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይመርቃሉ፣ ሁሉንም ይቆጣሉ። ከታች ጀጎል ግንቡን ታጥቆ ይታያል። ነፋሱ ደህና ነው።

ሀናን ዘንጎቹን ገጣጠመች። ክሮቹን ሳታወሳስብ እየዘረጋች ሄደች፣ ጠያራዋን ከወዲያ ጫፍ በጀርባዋ አስተኛቻት፣ ሁለቱን መያዣዎች ይዛ መጣች። እኔ ዓይኔን ከግራ እጇ ላይ አላነሳሁም። አሁን ከሰሚራ በግራ በኩል ትቆማለች፤ አሁን ክንዷን ወገቧ ላይ ታደርጋለች።

ሁለቱንም መያዣ ለሰሚራ ሰጠቻት። ሄዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ለውዝ መፈልፈል ጀመረች።

ሰሚራ በአረንጓዴ ሻርፗ ሜዳው ላይ ብቻዋን ቀረች። አንዱ በቀኝ እጇ፣ አንዱ በግራ እጇ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እና ጠያራዋ ከመሬት ተነሳች።

ወራት ሙሉ አንዲት ሴት ስጠላ ነበር፤ ሴትየዋ የለችም። በሰው ብተካ ይሻለኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ማንም አላስፈለገም። ጠያራዋ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ዞረች፣ ወደ ኋላ ተራመደች፣ ሰማይ ላይ ቆመች። እኔና እሷ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ትንፋሽ ተዋውሰን ያገኘናት ያቺ መቆም፣ ለአንድ ሰው እንዲህ ቀላል ነበረች? ከዙሪያዬ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላል ሰው። ከንፈሬ አልከፈት አለኝ።

ነፋሱ ድንገት ዞር አለ። ጠያራዋ ተንገዳገደችና በአፍጢሟ ተደፋች።

«በዓይን በሏት! ማነው ማሻአላህ ያላለ?» አሉ አዴ ፋጡማ ጮክ ብለው። «እዚህ መሃል አንድ ሰው አላለም!»

«እኔ ብያለሁ!» «እኔም ብያለሁ፣ ወላሂ!» ይላል ሁሉም እየሳቀ።

ሀናን ዞር አለችብኝ። «ኢክራምዬ፣ አንቺስ?»

«በልቤ ብያለሁ።»

«በልብ አይሠራም ልጄ» አሉ አዴ ፋጡማ። «ዓይን ውጭ ነው ያለው፣ ቃሉም ውጭ ይውጣ።»

ሰው ሳቀ። ሰሚራ ግን አልሳቀችም፣ እጇን ዘረጋችልኝ። «ነይ» አለች። «ያንቺን ያዢ።»

ጫማዬን አወለቅኩ፣ እንደ ድሮው። በግራዋ ቆምኩ። ክንዴን ወገቧ ላይ አደረግኩ፣ ክንዷን ወገቤ ላይ አደረገች። መያዣውን ጨበጥኩ፣ ትንሿ ጣቴ ተቀሰረች። «ቢስሚላህ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ አዴ ፋጡማ እንዲሰሙኝ።

ተነሳች። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አለችና ወደ ግራ ዞራ ተሰካች። እንደገና አነሳናት፤ እንደገና ወደቀች። የሚሆነውን ያወቅኩት በሦስተኛው ነው። ወገቤ ላይ ያረፈው የሰሚራ ባዶ እጅ ዝም አላለም። ጣቶቿ ጎኔ ላይ ይዞራሉ፣ ሳብ ያደርጋሉ፣ ይለቃሉ። የግራውን እየነዳች ነው፣ መያዣው እኔ ጋ እያለ። እኔ ከዚያች እጅ ዘግይቼ እደርሳለሁ።

«አቦ ተዉላት!» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ብቻዋን ትሁን!»

«እንግዳዋ ትቀመጥና እንይበት!» አለ ሌላው።

እንግዳዋ። ከዚያ ጋራ ላይ የተወለድኩበትን ቤት ጣሪያ በጣት ማሳየት እችል ነበር።

መያዣውን መልሼ ሰጠኋት። «ብቻሽን አብሪ።»

«ኢክራም…»

«አብሪ አልኩሽ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አለቀሰች እንዳልባል ፀሐዩን ሰበብ አድርጌ ሻርፔን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። ሰሚራ አነሳቻት፤ ከቅድሙም በላይ። ነፋሱ እንደታዘዘላት ነው። ሕዝቡ እንዳለ ስልኩን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ ሀናን፣ ያ ጎረምሳ፣ ምንጣፍ ላይ የነበሩት ሁሉ። አዴ ፋጡማ እንኳ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ላይ ያያሉ። እዚያ ጋራ ላይ ሰማዩን ያላየሁ እኔ ብቻ ነኝ። አላስችል አለኝ። ወደ ታች አየሁ፤ የኔ የነበረውን ቦታ፣ የግራውን መያዣ፣ የያዘውን እጅ።

አራት ጣት ጨብጧል። ትንሿ ጣት ቀጥ ብላ ተቀስራለች።

የሰሚራ ጣቶች ሁሉም ጤነኞች ናቸው። ቀኟን ከግራዋ ያምታታሁ መሰለኝ፤ አይደለም፣ ዓይኔን ከግራው አላነሳሁም። ጠያራዋ ከላይ ስትቆም እጇ ልክ እኔ እንደማደርገው አንጓው ላይ ትንሽ ታጠፈ፣ ያቺ ጣት ደግሞ ሰማዩን እየጠቆመች ቀረች።

«ማሻአላህ!» አልኩ። ድምፄ ከሰው ሁሉ በለጠ።

«ይኸው!» አሉ አዴ ፋጡማ። «አሁን ወጣ።»

ወዲያው አንዱ ስልኩን እንደያዘ እያፈገፈገ መሃላችን ገባ። እሱ እስኪያልፍ ጠያራዋ አርፋ፣ ሰሚራ መያዣዎቹን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ መዳፏን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ነበር።

ስንወርድ ወደ ኋላ አስቀረኋት። «ብቻሽን እንዴት ቻልሽ?»

«ከሀናን ጋር ሞከርኩ፣ አልሆነም። ከባሌ ጋር ሞከርኩ፣ ክሩን ሊበጥሰው ነበር። ወላሂ ተናደድኩና ሁለቱንም ያዝኳቸው።»

«ግራውን ስትይዢ ትንሿን ጣትሽን ትቀስሪያታለሽ?»

ቆመች። ግራ እጇን አንስታ የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጣ አየችው። «እኔ? እኔ እንጃ።» ሳቀች። «ማን ጣቱን ያያል? እኔ የማየው ጠያራዋን ነው።» ከዚያ ሀናን ጠራቻት፣ ሮጠች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጅዳን ትተው የገቡትን አጎቴን ኢድሪስን ቤታችን ቀዩ መደብ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ጺማቸው በሂና ቀልቷል።

«አጎቴ፣ ጠያራዋ ለአንድ ሰው እንደሆነች ያውቁ ነበር?»

«ጅዳ ባሕሩ ዳር አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻውን ሲያበር አይቼ ነው የገዛኋት» አሉ ሳያፍሩ። «ሻንጣዬ የሚበቃው ለአንድ ነበር፣ እናንተ ሁለት ነበራችሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ከውሸቶቼ ሁሉ የረዘመችው እሷ ናት።»

ልመለስ ስል ሰሚራ ከረጢቱን አምጥታ ሻንጣዬ ላይ አጋደመችው። «ግማሿ ያንቺ ናት» አለች። «እኔ ጋ ብዙ ቆየች። ተራሽ ነው።» ለዚህ ነበር የመጣሁት፤ ባዶ ቦታውም እዚያው አለ። ከረጢቱን አንስቼ እጇ ላይ መለስኩላት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ደህና ነገር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም «ኩራትሽ አሁንም አለ» ብላ ሳቀችብኝ። ባዶውን ቦታ ነጃት በርበሬና ቡና ሞላችው።

ከቤታችሁ ርቃችሁ ይህን የምታነቡ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር። እኛ ያልተውነው ቦታ አለን ብለን ነው የምንኖረው። ለእናታችን ሌላ ሰው መድኃኒቷን ሲሰጣት፣ መደባችን ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ፣ ደህና ነን ብለው ሲስቁ በስልክ ስንሰማ ያመናል፤ አልሐምዱሊላህ እያልንም ያመናል። ከዚያ ቀን በኋላ ቅናቱ ለቀቀኝ አልላችሁም፤ አልለቀቀኝም። ጥያቄዬ ግን ተለወጠ። ቦታዬን ማን ያዘብኝ እል ነበር፤ አሁን ማን ያዘልኝ እላለሁ። ነጃት ስትደውል ስለ እናቴ መድኃኒት አልቆጣም፤ እንዴት አድርጋ እንደምታግባባት እጠይቃታለሁ፣ እሷም ታስተምረኛለች።

ባለፈው በጋ እዚህ አንዲት ባለ አራት ክር ገዛሁ። ሜዳ ወጣሁ፣ ሁለቱንም መያዣ ያዝኩ። ግራዬ ሥራውን ያውቃል። ቀኜን የሰሚራን እጅ አስመስዬ ልይዝ ብዬ ቆምኩ፤ አንጓዋን ታዞራለች? አውራ ጣቷን የት ታሳርፋለች? ምንም አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን፣ ቀኝ እጇን አንድም ቀን አላየሁትም። እሷ የኔን አይታው ነበር፤ ከነጉድለቱ።

ወይም አላየችውም፣ ፀሐዩና እንባው ናቸው ያታለሉኝ። እሷን ብጠይቅ ትስቃለች።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለናንተ ነው፤ ያን የኢድ ሦስተኛ ቀን ሐኪም ጋራ ላይ ለነበራችሁ፣ ስልካችሁን ለቀሰራችሁ። ጠያራዋን ሁላችሁም ቀርጻችኋል፤ እሷን አልፈልግም። ግን ከመካከላችሁ እጁ የደከመ፣ የተገፋ፣ ማጥፋት ረስቶ ስልኩን ወደ ታች የዘቀዘቀ አንድ ሰው ካለ፣ አንዲት አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ሴት ሁለት መያዣ ይዛ ከተቀረጸችበት፣ በአላህ ይዤዋለሁ፣ እንዳያጠፋው። ለሰሚራ ሳይነግር ይላክልኝ። ግራ እጇን አንድ ጊዜ ልየውና ልረፍ፤ ቀኟን ደግሞ ደጋግሜ አይቼ ላጥናው።